ስለ ሥጋ ቢላዋና ስለ መክተፊያ ንጽሕና

ከጉና ተራራ ግርጌ ተነሥቶ ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ ቈላ በሚወርደው አገር፣ ይኸውም በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ፣ ባልትና ያላት እመቤት የወተት ዕቃዋን ሳታጥብና በወይራ ጢስ ሳታጥን ወተት አትጨምርበትም። ጠላ የምትጠምቅ እንደ ሆነም ጋኑን በግራዋ ቅጠል አሽታ አጥባ፣ ደግሞም አጥና ነው እንጂ እንዲሁ አትጠነስስም። ይህን ሥርዓት ከእናቷ ተማረችው፤ እናቷም ከአያቷ ተቀበለችው። ማንም አዋጅ አላወጀባትም፤ ማንም ተቈጣጣሪ አልቆመባትም። የወተት ዕቃዋ የሸተተባት ሴት በጎረቤት ፊት እንደምታፍር ስለምታውቅ ብቻ ሥርዓቱን በየዕለቱ ትፈጽማለች።

ወደ ሥጋው ቢላዋ ስንመለስ ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ እናገኘዋለን። በዚያው ንጹሕ ቤት በግ የተበለተበት ቢላዋ በጨርቅ ተጠርጎ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ መክተፊያውም ጥቂት ውሃ ፈስሶበት በግድግዳ ይደገፋል። በከተማም በብዙ ልኳንዳ ቤት ጧት የተነሣው ቢላዋ በአንድ ጨርቅ እየተጠረገ እስከ ማታ ሲቈርጥ ይውላል። ስለዚህ ዛሬ በዚህ ገጽ ለአንባቢዎቻችን ልናስረዳ ያሰብነው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ለወተት ዕቃ የተሰጠው ጥንቃቄ ለሥጋ ቢላዋ፣ ለመክተፊያና ለሚዛንም ይገባል ማለት ነው።

በአገራችን ሥጋ የዓመት በዓል ክብር፣ የእንግዳም መቀበያ ነው። በገጠር ጎረቤታሞች ገንዘብ አዋጥተው በሬ ይገዙና በቅርጫ ይካፈላሉ። በንፋስ መውጫ፣ በአርብ ገበያ፣ በወገዳና በመካነ ኢየሱስ ከተሞች ደግሞ የሚሸጥ ሥጋ አለ፤ ይልቁንም ንፋስ መውጫ ከወረታ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ስላለች ብዙ መንገደኛ ያልፍባታል። ከሥጋውም ከፊሉ በጥሬው፣ ከፊሉ ለብ ለብ ተደርጎ የሚበላ ነው። እሳት በሚገባ ያልነካው ምግብ የሚታመነው በነካው እጅና በነካው ብረት ንጽሕና ብቻ መሆኑን መርሳት አይገባም።

በዐይን ስለማይታየው ጠላት

የታረደው በሬ ጤነኛ ቢሆንም እንኳ በጨጓራው፣ በአንጀቱና በቆዳው ላይ ሐኪሞች ባክቴሪያ የሚሏቸው በዐይን የማይታዩ ጥቃቅን ተሐዋስያን ይኖራሉ። ንጹሑ ሥጋ የሚበከለውም ብዙውን ጊዜ አንጀት በከፈተው ቢላዋ፣ ቆዳ በገፈፈው እጅ፣ እየዞረ በሚያርፈው ዝንብና ሁሉን በሚጠርገው ጨርቅ ነው። ከእነዚህ ተሐዋስያን ሳልሞኔላ የተባለው ትኵሳትን፣ የሆድ ቍርጠትንና ተቅማጥን ያመጣል፤ ኮላይ ከሚባለው ወገን ደግሞ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ አምጥቶ የሕፃናትን ኵላሊት እስከ መጉዳት የሚደርስ አለ። ጎልማሳው ሦስት ቀን ታሞ ይነሣል፤ ሕፃኑ ግን በሰውነቱ ያለው ውሃ በቶሎ ስለሚያልቅበት በዚያው ሊቀር ይችላል።

በቢላዋው ላይ የቀረው ስብ ቀጭን ሽፋን ሆኖ ተሐዋስያኑን ይጠብቃቸዋል፤ ይመግባቸዋልም። ሙቀት፣ እርጥበትና ምግብ ያገኙ እንደ ሆነ ከእነርሱ አንዳንዶቹ በየ20 ደቂቃው እጥፍ ይሆናሉ። ሒሳቡን ብንሠራው በመክተፊያ ስንጥቅ ውስጥ የቀረ አንድ ተሐዋሲ ከ4 ሰዓት በኋላ 4096 ይሆናል፤ ከ7 ሰዓት በኋላም ከ2 ሚሊዮን ያልፋል። ጧት ጥቂት የነበረው ነገር ማታ ብዙ ሆኖ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

የዓለም የጤና ድርጅት በአውሮፓ አቈጣጠር በ2015 ዓ.ም. ባወጣው ግምት በዓለም ላይ በየዓመቱ 600 ሚሊዮን ሰዎች በተበከለ ምግብ ይታመማሉ፤ 420 ሺሕ ያህሉም ይሞታሉ፤ ከእነዚህም ውስጥ 125 ሺሕ ያህሉ 5 ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው። ይህ ቍጥር ሥጋን ብቻ ሳይሆን ምግብን ሁሉ የሚመለከት ነው።

የውጭ አገር ትምህርት

ይህ መከራ የሚደርሰው ውሃና መብራት በሌለበት አገር ብቻ የሚመስለው ሰው ቢኖር ተሳስቷል። በካናዳ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2008 ዓ.ም. በአንድ ፋብሪካ ተዘጋጅቶ ሳይበስል እንዲሁ የሚበላ በስስ የተቈረጠ ሥጋ ከ20 በላይ ሰዎችን ለሞት አደረሰ። መርማሪዎች ነገሩን ሲከታተሉ ጥፋቱን ያገኙት በሥጋ መቍረጫው መኪና ውስጥ ነው። መኪናው ይጸዳ ነበር፤ ሆኖም ሊስቴሪያ የተባለው ተሐዋሲ እጅና ብሩሽ በማይደርስበት በውስጠኛው ክፍል ተሸሽጎ ይራባ ኖሯል። በደቡብ አፍሪካም በ2017ና በ2018 ዓ.ም. በአውሮፓ አቈጣጠር ይኸው ተሐዋሲ በተዘጋጀ ሥጋ አማካይነት ተሠራጭቶ 1060 ሰዎች ታመሙ፤ 216 ሰዎችም ሞቱ። ከታመሙት ብዙዎቹ ገና የተወለዱ ሕፃናት ነበሩ፤ በሽታው ከእርጉዝ እናት ወደ ጽንሷ ስለሚተላለፍ ነው።

ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛው፣ አብረቅርቆ የሚታይ ዕቃ ሁሉ ንጹሕ አለመሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ሊስቴሪያ በብርድ ውስጥም የሚያድግ በመሆኑ የደጋ ብርድና የበረዶ ሣጥን ለእኛ ዋስ ሊሆኑን አለመቻላቸው ነው። ብርድ የብዙዎቹን ተሐዋስያን እድገት ያዘገያል እንጂ አይገድላቸውም። ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ በሚወርደው በስማዳ ቈላ ደግሞ ሙቀቱ ራሱ ስለሚያፈጥናቸው ጥንቃቄው እጥፍ ሊሆን ይገባል።

ዕቃው እንዴትና መቼ ይታጠብ

ብዙ ሥጋ ሻጮች ቢላዋቸውን የሚያጥቡት ሱቁን ሲዘጉ ነው። በአሜሪካ የምግብ ደንብ ግን ከማቀዝቀዣ ውጭ ለሥጋ የሚሠራበት ቢላዋ፣ መክተፊያና መቍረጫ መኪና ቢያንስ በየ4 ሰዓቱ እንዲታጠብ ታዟል። ከዚህ በላይ ያመለከትነው ሒሳብ ምክንያቱን ያስረዳል። ለባለሥጋ ቤት ይህ ከባድ ነገር አይደለም፤ ሁለት ቢላዋና ሁለት መክተፊያ ይኑሩት፤ አንዱ ሲሠራ ሌላው ታጥቦ ይደርቃል።

የማጠቡም ሥርዓት አምስት ክፍል አለው።

በመጀመሪያ፣ የተጣበቀውን ሥጋና ስብ መፋቅ ነው። ደሙንም በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውሃ ማስለቀቅ ይገባል፤ ደም ገና ሳይለቅ የፈላ ውሃ ቢያገኘው ይረጋና ይጣበቃልና።

ሁለተኛ፣ በሙቅ ውሃና በሳሙና በብሩሽ ማሸት ነው። ስብን የሚያስለቅቀው ሙቀትና ሳሙና ነው እንጂ ቀዝቃዛ ውሃ ብቻውን አይደለም።

ሦስተኛ፣ ሳሙናው እስኪለቅ በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ ነው።

አራተኛ፣ የቀሩትን ተሐዋስያን በፈላ ውሃ ወይም በበረኪና መግደል ነው።

አምስተኛ፣ ዕቃውን አቁሞ በአየር ማድረቅ ነው። የታጠበውን ቢላዋ በአሮጌ ጨርቅ የሚያደርቅ ሰው የደከመበትን ሁሉ መልሶ ያፈርሰዋል። ጨርቅ ግድ የሆነ እንደ ሆነ በየቀኑ የተቀቀለና በፀሐይ የደረቀ ይሁን።

ስለ ፈላ ውሃም የደጋ ሰው ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። በባሕር ጠረፍ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሙቀት ነው፤ በ3000 ሜትር ከፍታ ግን በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በጉና ዙሪያ ባለው ደጋ ሥጋና ባቄላ በቶሎ አልበስል የሚሉትም ስለዚህ ነው። እንግዲህ በደጋ የሚኖር ሰው ቢላዋውን በፈላ ውሃ ነክሮ ወዲያው ማውጣት አይበቃውም፤ ውሃው እየተንፈቀፈቀ ቢያንስ 3 ደቂቃ ያህል ቢያቈየው ይሻላል።

ማገዶ ለሌለው በረኪና ይረዳዋል። በመቶ 5 እጅ ክሎሪን ካለው በረኪና አንድ የሻይ ማንኪያ በ2 ሊትር ተኩል ንጹሕና ቀዝቃዛ ውሃ አዋሕዶ የታጠበውን ዕቃ ለጥቂት ደቂቃ መንከር ነው። ኀይሉ ከጠርሙስ ጠርሙስ ስለሚለያይ በላዩ የተጻፈውን ማንበብ ያስፈልጋል። ስብና ደም የበረኪናውን ኀይል ስለሚበሉት ባልታጠበ ዕቃ ላይ ማፍሰስ ከንቱ ድካም ነው። ከሌላ የማጽጃ መድኃኒት ጋርም አይቀላቀል፤ የሚያፍን ጢስ ይወጣዋልና። ልጆች ከማይደርሱበት ስፍራ ይቀመጥ።

የሚረሱ ዕቃዎች

ቢላዋውን የሚያጥብ ሰው ሞረዱን ይረሳዋል። በሞረዱ ጥርስ መካከል የተሰገሰገው ስብ የታጠበውን ቢላዋ በአንድ ስለት መልሶ ያሳድፈዋል። የቢላዋው እጀታ ከብረቱ የሚገናኝበት ስንጥቅ፣ በእጀታው ላይ የተጠመጠመው ጨርቅ ወይም ገመድ፣ የመጥረቢያው ዐይን፣ የሚዛኑ ሳሕንና ሥጋው የሚንጠለጠልበት ብረት ሁሉ እንደ ቢላዋው መታጠብ ይገባቸዋል። የሥጋ መፍጫ መኪና ያለው ሰውም ብሎኑን ፈትቶ እያንዳንዱን ክፍል ለየብቻ ይጠብ፤ ካናዳዎች በብዙ ሐዘን የተማሩት ይህንኑ ነው። ገንዘብ የሚቀበለው እጅም ሥጋ የሚቈርጠው እጅ ባይሆን መልካም ነው፤ ሰው ያጣ እንደ ሆነ ግን እጁን በሳሙና ሳይታጠብ ወደ ሥጋው አይመለስ።

የእንጨት መክተፊያ ራሱን የቻለ ነገር ነው። በሁዳዴ 55 ቀን ሥጋ ቤቱ ተዘግቶ ጉማጁ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ከጾሙ በፊት የገባበት ስብም በውስጡ ይሻግታል፤ አይጥና ዝንብም ይጐበኙታል። በፋሲካ ሌሊት ደግሞ ሕዝቡ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሥጋ ይፈልጋልና ማንም ቆሞ ለማጠብ ጊዜ አያገኝም። ስለዚህ ባለሥጋ ቤት በሰሙነ ሕማማት ሳለ ጉማጁን በስለት ፍቆ፣ በሳሙና አሽቶ፣ የፈላ ውሃ ደጋግሞ አፍስሶበት በፀሐይ አድርቆ ይቈየው። ፍቆ የማይደርስበት ስንጥቅ ያለው ጉማጅ ዕድሜው አልቋል፤ ለማገዶ ይሁን።

በቅርጫ ጊዜ

ቅርጫ የጎረቤት ፍቅር የሚታይበት ሥርዓት ነው። በሬው የብዙ ቤት ነውና ጥፋቱም የደረሰ እንደ ሆነ ለብዙ ቤት ይተርፋል። ስለዚህ ቅርጫው ሲታሰብ ገንዘብ የሚሰበስብ ሰው እንደሚመረጥ ሁሉ የውሃና የሳሙና ኀላፊም ይመረጥ። በሬው ሳይታረድ ውሃ ይፍላ። ቆዳ የገፈፈና ጨጓራና አንጀት ያወጣ ሰው እጁንና ቢላዋውን ሳይታጠብ መደብ አይመድብ፤ ቢቻል ሌላ ሰው በሌላ ቢላዋ ይመድብ። ሥጋው የሚቀመጥበት ቅጠል ከብት ያልረገጠውና በንጹሕ ውሃ የተለቀለቀ ይሁን። ጨጓራና አንጀት የሚታጠበውም ከሥጋው ርቆ ነው።

በማድ ቤት

እመቤቶች ሆይ፣ የቤታችሁ ቢላዋ አንድ ብቻ እንደ ሆነ የሥራውን ተራ ለውጡ። በመጀመሪያ ሰላጣውንና ቃሪያውን፣ እሳት የማይነካውን ሁሉ ክተፉ፤ ከዚያ በኋላ ሥጋውን ወይም ዶሮውን ቍረጡ። ተራውን ያፋለሰ ሰው ግን ቢላዋውንና መክተፊያውን በሳሙና ሳያጥብ ወደ ቃሪያው አይመለስ። ዶሮ ስታጥቡም ውሃው ወደ እንጀራውና ወደ ሕፃኑ ዕቃ እንዳይረጭ ተጠንቀቁ፤ የታጠበበትንም ገበቴ ወዲያው አጽዱ።

ሚጥሚጣና አዋዜ፣ ወይም በላዩ የሚጠጣው አረቄ በሥጋው ላይ ያለውን ሁሉ ይገድለዋል የሚሉ ሰዎች አሉ። ይህ እውነት አይደለም። በርበሬ አፍን ያቃጥላል እንጂ ሥጋን አያበስልም፤ አረቄውም በሆድ ውስጥ ከምግቡና ከውሃው ጋር ሲቀላቀል ኀይሉ ይደክማል። ሥጋን የሚያስተማምነው እሳት ነው።

ማጠብ የማይከለክላቸው በሽታዎች

ነገራችን ሙሉ እንዲሆን ማጠብ የማይደርስበትንም እንናገር። የኮሶ ትል ዘር የሚገኘው በከብቱ ሥጋ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ቢላዋው ምንም ንጹሕ ቢሆን ጥሬ ሥጋ የበላ ሰው በኮሶ ሊያዝ ይችላል። አባቶቻችን በየጊዜው የኮሶ አበባ ይጠጡ የነበረውም ስለዚሁ ነው። መከላከያው ሥጋውን በባለሙያ ማስመርመርና አብስሎ መብላት ነው። አባ ሠንጋ ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። በድንገት የሞተን ከብት ማረድ፣ መግፈፍና መብላት አይገባም፤ የአባ ሠንጋ ዘር በፈላ ውሃም በቶሎ አይሞትምና። በክት አለመብላት ከጥንት የተቀበልነው ሥርዓት ሲሆን ለጤናም ትልቅ ጋሻ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ያጋጠመው ሰው ሬሳውን ሳይከፍት ለእንስሳት ሐኪም ያስታውቅ።

በአገራችን ስለ ሥጋ ምርመራ በ1962 ዓ.ም. አዋጅ ወጥቶ ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 1112ም ለጤና የማይስማማ ምግብ ለሽያጭ እንዳይቀርብ ይከለክላል። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅም ከጤና መኰንኖችና ከነርሶች ጋር የንጽሕና ባለሙያዎችን እያሠለጠነ አውጥቷል። በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረው ከጤና ኤክስቴንሽን ትምህርት አንዱ ክፍል የምግብ ንጽሕና ነው። ነገር ግን ተቈጣጣሪ በየቢላዋው አጠገብ ሊቆም አይችልም።

ውሃ ሩቅ ነው፣ ማገዶም ተወድዷል የሚል መልስ እንደሚመጣ እናውቃለን፤ እውነትም ነው። ውሃውን በጀርባዋ የምታመጣው ያችው እመቤት ናትና ድካሟን አቃልለን አንናገርም። ይሁን እንጂ ለአንድ ቢላዋና ለአንድ መክተፊያ አንድ ማንቈርቈሪያ ሙቅ ውሃና ጥቂት ሳሙና ይበቃሉ። ታሞ ለተኛ ሕፃን የሚወጣው የመድኃኒትና የመንገድ ገንዘብ፣ ከእርሻ ላይ የሚቀረውም የአባት ቀን ከዚህ ይልቅ እጅግ ይበዛል። ውሃ የሚቀዱትና ማገዶ የሚለቅሙትም እመቤቶች ብቻ ሳይሆኑ የቤቱ ወንዶች ቢያግዙ ሥራው ይቀላል።

ሥጋ የሚገዛውም ሰው ኀይል አለው። ሚዛኑን በገንዘቡ ልክ እንደሚመለከት ሁሉ የሚዛኑን ሳሕን ንጽሕናም ይመልከት፤ ቢላዋው መቼ እንደ ታጠበ በትሕትና ይጠይቅ። ንጹሑን ሥጋ ቤት መርጦ የሚገዛ ሕዝብ በበዛ ቍጥር ሳሙናና ሙቅ ውሃ የሚያዘጋጅ ባለሥጋ ቤት ይበዛል። የሸተተ የወተት ዕቃ በጎረቤት ፊት እንደሚያሳፍር፣ ያልታጠበ ቢላዋም የሚያሳፍር እንዲሆን ያስፈልጋል። ይህ ልማድ በንፋስ መውጫና በመካነ ኢየሱስ፣ በአርብ ገበያና በወገዳ፣ በገጠሩም ቤት ሁሉ ቢጸና ከሚመጣው በዓል ጀምሮ የልጆቻችን ጤና ይጠበቃል።